አሮጌ የእንግሊዝ ፊልም በብሉ ሬይ ሲወጣ፦ ጥራቱ ከየት መጣ?

በ1948 የተሠራውን «ቀይ ጫማዎቹ» የተባለ የእንግሊዝ ፊልም በብሉ ሬይ ዲስክ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገረመው በአንድ ነገር ነው። የባሌት ዳንሰኛዋ ሞይራ ሺረር ስትሽከረከር የዓይኗ ኩል፣ የጫማዋ ጥብጣብ፣ የቀሚሷ እጥፋት ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። ከዚያ ፊልም ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ የተቀረጸ የቴሌቪዥን ድራማ ግን በዚያው ስክሪን ላይ ደብዝዞ ይቀርባል። አያት ከልጅ ልጁ ወጣት ሆኖ የተገኘ ይመስላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ኮምፒውተር አሳምሮት ነው» የሚል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ታደሱ» የሚባሉ አሮጌ ቪዲዮዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለበዙ እንዲህ ቢታሰብ አይገርምም። በጥንቃቄ የተሠራ ብሉ ሬይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥራቱ የኮምፒውተር ስጦታ አይደለም። ካሜራው ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ፊልሙ ላይ ነበረ። ለስድሳ ዓመት ያህል የጠፋው ያንን ጥራት ሳይበርዝ እስከ ሳሎናችን የሚያደርስ መንገድ ነው።

ጥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። ፒክስል ይባላሉ። ሲበዙ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ሲያንሱ ይደፈናል። በእንግሊዝ የሚሸጥ ዲቪዲ በወርዱ 720፣ በቁመቱ 576 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 414,720 ይሆናል። ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ነው፤ ይህም ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ የዲቪዲው አምስት እጥፍ ማለት ነው። በተለምዶ 4ኬ የሚባለው ዲስክ ደግሞ 3840 በ2160 ስለሆነ የብሉ ሬይን አራት እጥፍ ይይዛል። ብሉ ሬይ ገበያ ላይ የዋለው በ2006፣ የ4ኬ ዲስክ በ2016 ነው።

ሦስቱም ዲስኮች በመጠን አንድ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በሚነበቡበት ብርሃን ላይ ነው። ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ሌዘር ሲሆን የብሉ ሬይ ሌዘር ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደላ ነው፤ ሞገዱም አጭር ነው። አንዱን በደነዘ እርሳስ፣ ሌላውን በሹል እርሳስ እንደመጻፍ ነው፤ በዚያው በአንድ ገጽ ላይ ሹሉ ብዙ ቃል ያስገባል። ስለዚህ ዲቪዲ እስከ 8.5 ጊጋባይት፣ ብሉ ሬይ 50፣ የ4ኬ ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛሉ።

የሲኒማ ፊልም ግን ፒክስል የሚባል ነገር የለውም። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ውህድ የተቀባ ረጅም ጥብጣብ ነው። በጥሩ ሌንስ የተነሳ 35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ (ብርሃኑና ጥላው ተገላብጦ የሚቀረጽበት፣ ካሜራው ውስጥ ያለፈው ጥብጣብ) ብሉ ሬይ ከሚችለው በላይ ዝርዝር ይይዛል። በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸ ድራማ ግን ዕጣው በተቀረጸበት ዕለት ተቆርጧል። ካሜራው 576 መስመር ብቻ ካየ፣ ከ576 መስመር በታች ሌላ የሚቆፈር ወርቅ የለም። አያትየው ከልጅ ልጁ የጠራበት ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ድሮ በዲቪዲና በቪዲዮ ካሴት ስናየው ለምን ደበዘዘ?

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ጀበናው አንድ፣ ቡናውም አንድ ነው፤ ውኃ በተጨመረ ቁጥር ግን ይቀጥናል። ፊልምም እንደዚያ ነው። ካሜራው ውስጥ የነበረው ኔጋቲቭ አቦሉ ነው። ደጋግሞ ቢታተምበት ስለሚጎዳ መጀመሪያ ከእሱ አንድ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው የተቃና ኮፒ፣ ይወሰዳል። ከፖዘቲቩ ሌላ ኔጋቲቭ፣ ከዚያ ኔጋቲቭ ደግሞ ለሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ኮፒዎች ይሠራሉ። በዚህ መንገድ ሲኒማ ቤት የሚደርሰው ከበረካም ያለፈ ነው። ለቴሌቪዥንና ለካሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ከነዚህ ኮፒዎች ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ ፊልም በቪዲዮ ቤት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ሌላም ጉዳት ነበረ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ግን 25። ለማስማማት ፊልሙ ይፈጥን ነበር። 134 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው «ቀይ ጫማዎቹ» በዚህ ስሌት በ129 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የሰዉ እርምጃ ይቸኩላል፤ ሙዚቃውና የተዋንያኑ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናሉ። ብሉ ሬይ 24ቱን ምስል እንዳሉ ማሳየት ስለሚችል ፊልሙ በተሠራበት ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ነገር ብዙም አይወራም፤ ለእኔ ግን ከፒክስሉ ብዛት ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

ኔጋቲቩ ያለው የት ነው?

የጥራቱ ምንጭ ኔጋቲቩ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከመጋዘን ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ላስቲክ ነበር። ናይትሬት የባሩድ ዘመድ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ቢነከር እንኳ አይጠፋም። ባይቃጠልም ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል፣ ይልማል፣ መጨረሻውም ብናኝ መሆን ነው። በእሱ ፋንታ የመጣው አሲቴት እንደ ናይትሬት በቀላሉ አይነድም፤ በሙቀትና በእርጥበት ግን የአቼቶ ሽታ እያወጣ ይጣመማል፣ ይሸበሸባል። ሽታው ከአንዱ ቆርቆሮ ከወጣ አጠገቡ ላሉትም ያሰጋል፤ የሚወጣው አሲድ የሌሎቹንም መበላሸት ያፋጥናልና።

የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ናይትሬቶቹን የሚያስቀምጠው በዎሪክሼር ክልል ጌይደን በሚባል ቦታ ባሠራው መጋዘን ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 35 በመቶ ነው። ቅዝቃዜው መበላሸቱን አያቆመውም፤ ያዘገየዋል። አንድ ፊልም በዲስክ እንዲወጣ ሲታሰብ ቆርቆሮው ከዚያ ወጥቶ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ከዚያ ባለሙያዎች ጥብጣቡን በእጅ እየጎተቱ ቀዳዳውንና ስፌቱን ይመረምራሉ። የተቀደደ ካለ ስካነር ከመግባቱ በፊት ይጠገናል።

ስካነሩ እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ ፎቶ ያነሳል። ጥብጣቡ የተቧጨረ ከሆነ በፈሳሽ ውስጥ እያለፈ የሚነሳበት ዘዴም አለ። የተቧጨረ መስታወት ላይ ውኃ ሲፈስበት ጭረቱ ከዓይን ይጠፋል፤ ፈሳሹ በጭረቱ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑ እንዳይሰበር ያደርገዋልና። እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሦስት ጥቁርና ነጭ ጥብጣብ እንዴት አንድ ባለ ቀለም ፊልም ይሆናል?

ወደ «ቀይ ጫማዎቹ» እንመለስ። ፊልሙን የሠሩት ማይክል ፓወልና ኤመሪክ ፕሬስበርገር ናቸው፤ ካሜራውን የመራው ጃክ ካርዲፍ ነበር። የተነሳበት ዘዴ ቴክኒከለር ይባላል። ያንን ዘዴ ካልተረዱ ግን ጥገናው ምን ያህል አድካሚ እንደነበር አይገባም።

የቴክኒከለር ካሜራ እንደ ትንሽ ቁም ሣጥን የገዘፈ ነበር፤ ውስጡ በአንድ ጊዜ ሦስት ጥብጣብ ይሮጣል። ከሌንሱ በስተጀርባ ያለ ፕሪዝም የገባውን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ወገን አረንጓዴውን ወደሚመዘግብ ጥብጣብ ይሄዳል። ሌላው ፊትና ኋላ ተጣብቀው ወደሚሮጡ ሁለት ጥብጣቦች ይሄዳል፤ የፊተኛው ሰማያዊውን ያስቀራል፣ የኋለኛው ቀዩን። ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀለም የሚባል አንድም ጠብታ የለባቸውም፤ «እዚህ ቦታ ይህን ያህል ቀይ ነበረ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ ነበረ» የሚል መዝገብ ብቻ ናቸው።

ለሲኒማ ቤት ሲታተም እያንዳንዱ መዝገብ እንደ ማኅተም ይሆናል። አንዱ በቢጫ፣ አንዱ በደማቅ ሮዝ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ሰማያዊ ቀለም ይነከርና በአንድ ባዶ ጥብጣብ ላይ ተራ በተራ ይታተማል። ሦስቱ ማኅተሞች ልክ በልክ ከተደራረቡ ያ ዝነኛ የቴክኒከለር ድምቀት ይወጣል። በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ግን የሰው ፊት ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ ጠርዝ ያወጣል።

ችግሩ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ጥብጣብ ሲያረጅ ይሸበሸባል፤ ሦስቱም እኩል አይሸበሸቡም። አንዱ ትንሽ ያጥራል፣ አንዱ ይጣመማል። እንደ ድሮው ቢታተሙ ፈጽሞ አይገጥሙም። በዚህ ላይ የ«ቀይ ጫማዎቹ» ኔጋቲቮች ሻግተው ተገኙ። ሻጋታው ላይ ላዩን የተቀመጠ አቧራ ቢሆን ይጠረግ ነበር፤ ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን ግን በልቶታል። አንዱን ጥብጣብ ብቻ የነካ ጉድፍም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እንደምናየው ነጭ ወይም ጥቁር ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ከሦስቱ ቀለማት አንዱ ስለሚጎድል በዳንሰኛዋ ጉንጭ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ቁጥሩን እናስበው። 134 ደቂቃ በሰከንድ 24 ምስል ሲባዛ ወደ 193,000 ምስል ይሆናል። በሦስት ጥብጣብ ሲባዛ ከ578,000 በላይ። ያ ሁሉ አንድ በአንድ ተቃኝቷል፣ ሦስት ሦስቱ ተመሳክሮ እንዲገጥም ተደርጓል፣ ጉድፉ ተነቅሷል። ሥራውን የመራው በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅደር ሲሆን፣ ባለሙያው ሮበርት ጊት ነበር። ከጀርባ ሆኖ የገፋው ፊልሙን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዜ ያቋቋመው የፊልም ፋውንዴሽን ነው። ታድሶ የታየው በ2009 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ነበር፤ በብሉ ሬይም የወጣው ያኔ ነው። በ2021 ደግሞ በ4ኬ ዲስክ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ መከራ መሃል አንድ በረከት አለ። ኋላ የመጡት ባለ ቀለም ኔጋቲቮች ቀለሙን በራሳቸው ስለሚይዙ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛሉ፤ ብዙ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ኮፒዎች ወደ ሮዝነት የተቀየሩት ለዚህ ነው። የቴክኒከለር ኔጋቲቭ ግን ብር እንጂ ቀለም ስለሌለበት የሚደበዝዝ ነገር የለውም። ጫማው በ1948 ምን ያህል ቀይ እንደነበር የሚናገረው መዝገብ ዛሬም በቦታው አለ።

ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነገር ቆሻሻ ነው?

ብዙ ተመልካች አሮጌ ፊልም በብሉ ሬይ ከፍቶ «ይሄ ጥራት ነው እንዴ? ሁሉ ነገር ይርመሰመሳል» ይላል። ያየው በእንግሊዝኛ ስሙ ግሬን የሚባለውን ነው፤ ምስሉን የሠሩትን የብር ቅንጣቶች። ቅንጣቶቹ በእያንዳንዱ ምስል ላይ በተለያየ ቦታ ስለሚያርፉ በሰከንድ 24 ጊዜ ሲቀያየሩ ሕይወት ያላቸው ይመስላሉ።

ነጠላ ከሩቅ ሲታይ ወጥ ነጭ ነው። ቀርበው ሲያዩት ክሩ ይታያል። ያ ክር የነጠላው እድፍ አይደለም፤ ነጠላው ራሱ ነው። ክሩን ልጥፋ ያለ ሰው ጨርቁንም አብሮ ያጠፋል። በፊልም ላይም ይህ ስህተት ተደጋግሞ ተሠርቷል። በተለይ በብሉ ሬይ የመጀመሪያ ዓመታት አንዳንድ አሳታሚዎች አሮጌውን ፊልም አዲስ ለማስመሰል ቅንጣቱን በኮምፒውተር ጠርገው አወጡት። ከቅንጣቱ ጋር የፊት ቆዳው፣ የኮቱ ሱፍ፣ የግድግዳው ሻካራነት አብሮ ሄደ። ተዋንያኑ ከሰም የተሠሩ አሻንጉሊቶች መሰሉ። ያኔ የገዙ ሰዎች ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ልክ ነበር። ጥሩ ጥገና ጭረትን፣ አቧራን፣ ሻጋታን ያነሳል፤ ቅንጣቱን አይነካም። ለድምፅም ያው ነው፤ ከጀርባ የሚንሾካሾከውን ጩኸት ከልክ በላይ የጠረገ ሰው የቫዮሊኑን ጥራትና የተዋናዩን ትንፋሽ አብሮ ይወስዳል።

ቀለሙ እንዲህ እንደነበር ማን ያውቃል?

ይህ በጣም አወዛጋቢው ክፍል ነው። ስካነሩ የሚሰጠው ጥሬ ነገር ነው፤ ምን ያህል ይጨልም፣ ሰማዩ ምን ያህል ሰማያዊ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ባለሙያዎች በተቻለ መጠን በዘመኑ የታተመና በደንብ የተያዘ ኮፒ ፈልገው አጠገቡ አድርገው ያወዳድራሉ። ፊልሙን የሠሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ ይጠየቃሉ። በ«ቀይ ጫማዎቹ» ጊዜ ፓወልም ፕሬስበርገርም ካረፉ በኋላ ስለነበር፣ የፓወል ባለቤት የነበረችውና ራሷም ስመ ጥር የፊልም አርታኢ የሆነችው ቴልማ ስኩንሜከር ከስኮርሴዜ ጋር ሆና ሥራውን ተከታትላለች። ይህ ሁሉ ተደርጎም በተለያየ አገር የወጡ ሁለት ዲስኮች አንድ ፊልም ይዘው ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል። ስህተት ነው ከማለት በፊት የትኛው ከምን ኮፒ ጋር እንደተመሳከረ ማየት ይገባል።

ኔጋቲቩ ከጠፋስ?

ያኔ ፍለጋ ነው። ሮቢን ሃርዲ በ1973 የሠራው «ዊከር ማን» የተባለ ፊልም ገና ሳይወጣ ተቆራርጦ ነበር፤ የተቆረጠው ክፍል ኔጋቲቭ ደግሞ የገባበት ጠፋ። ከመንገድ ሥራ ፍርስራሽ ጋር ተቀብሯል የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ2013፣ ፊልሙ 40 ዓመት ሲሞላው፣ ባለመብቱ ስቱዲዮካናል ኮፒ ያለው ሰው እንዲያሳውቅ በአደባባይ ጥሪ አቀረበ። ከታተሙት አንዱ፣ ረዘም ያለ 35 ሚሊ ሜትር ኮፒ፣ አሜሪካ ውስጥ በሃርቫርድ የፊልም ማኅደር ተገኘ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ፊልሙ በብሉ ሬይ ወጣ። ልብ ያለ ተመልካች ግን ከኔጋቲቭ የመጣውና ከኮፒ የመጣው ክፍል የት ላይ እንደሚቀያየር በዓይኑ ይለያል፤ አቦልና በረካ በአንድ ሲኒ ሲቀዳ ማለት ነው።

የዳይሬክተር ዴቪድ ሊን «የዓረቢያው ሎረንስ» ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1962 ታይቶ ብዙም ሳይቆይ 20 ደቂቃ ያህል ተቆረጠበት፤ ኋላም እንደገና ተቆረጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ሃሪስና ጂም ፔይንተን የተቆረጡትን ምስሎች አሰባሰቡ፤ የአንዳንዶቹ ድምፅ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ተዋንያኑ ፒተር ኦቱልና አሌክ ጊነስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የራሳቸውን የወጣትነት ንግግር እንደገና ተናገሩ። ጃክ ሆኪንስ በሕይወት ስላልነበረ ሌላ ተዋናይ፣ ቻርልስ ግሬይ፣ ንግግሩን በእሱ ፋንታ ተናገረለት። ሊን ራሱ በሥራው ተካፍሎ ፊልሙ በ1989 እንደገና ታየ። ለ50ኛ ዓመቱ በ2012 ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ኔጋቲቭ፣ ከተለመደው 35 እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ የ4ኬን አራት እጥፍ ነጥብ በሚይዘው በ8ኬ ተቃኘ። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎቹን ያስቸገረው የኔጋቲቩ መሰንጠቅ ነበር። በሽፋኑ ላይ ቁልቁል የሚወርዱ ረቂቅ ስንጥቆች ስለነበሩ በኮምፒውተር አንድ በአንድ መድፈን ነበረባቸው።

ምንም ያልተገኘላቸውም አሉ። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2010 የት እንዳሉ የማይታወቁ 75 የእንግሊዝ ፊልሞችን ዝርዝር አውጥቶ ሕዝቡ እንዲፈልግ ጠየቀ። ከነዚያ መካከል አልፍሬድ ሂችኮክ በ1926 የሠራው «የተራራው ንስር» ይገኝበታል። በዝምታው ዘመን ከሠራቸው የቀሩት ዘጠኝ ፊልሞች በ2012 ታድሰዋል፤ ይህኛው ግን ከጥቂት ፎቶዎች በቀር የለም።

የምወደው ፊልም ለምን በዲስክ አልወጣም?

ኔጋቲቩ አለ ማለት ዲስኩ ይወጣል ማለት አይደለም። በቅድሚያ ባለመብቱ መታወቅ አለበት። የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያዎች አንዱ ሲከስር ሌላው እየገዛው መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሯል። ዛሬ የድሮው ራንክ ኩባንያ ፊልሞች በቴሌቪዥን ኩባንያው በአይ.ቲ.ቪ. እጅ ሲሆኑ፣ ኢሊንግና ብሪቲሽ ላየን የተባሉት ኩባንያዎች ፊልሞች የፈረንሳዩ ስቱዲዮካናል ንብረት ናቸው። እንግሊዞች እንደ ቤታቸው ዕቃ የሚቆጥሯቸው የኢሊንግ ኮሜዲዎች ባለቤት ፓሪስ ነው ያለው። አሁን ባለው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የፊልም መብት የሚቆየው ከዋናው ዳይሬክተር፣ ከስክሪፕቱ ጸሐፊ፣ ከንግግሩ ጸሐፊና ለፊልሙ ብሎ ሙዚቃ ከደረሰው ሰው መካከል መጨረሻ የሞተው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ነው። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ነፃ ነው» የሚባለው አብዛኛው አይደለም።

ባለመብቱ ራሱ ካላሳተመው ለትናንሽ አሳታሚዎች ለተወሰነ ዓመት ያከራያቸዋል። እነዚህ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ የሚያትሙት ጥቂት ሺህ ቅጂ ነው፤ የኪራዩ ጊዜ ሲያበቃ ዲስኩ ከገበያ ይጠፋል። አንድ ፊልም ዛሬ በርካሽ ተገኝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በእጥፍ የሚሸጠው ለዚህ ነው። በ1984 በወጣው የቪዲዮ ሕግ መሠረት ደግሞ በእንግሊዝ የሚሸጥ ፊልም በዕድሜ ተመድቦ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፤ ክፍያው በደቂቃ ይሰላል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። በ1937 የወጣው ሕግ ለፊልም ሲባል በእንስሳ ላይ የተፈጸመ እውነተኛ ጭካኔ እንዳይታይ ይከለክላል። ዛሬም ስለሚሠራ፣ ፈረስ በገመድ ተጠልፎ የሚወድቅበት አሮጌ የጦርነት ፊልም በለንደን ዲስክ ላይ ጥቂት ሰከንድ ጎድሎት፣ በሌላ አገር ዲስክ ላይ ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በኢንተርኔት ማየት አይበቃም?

ይበቃል፣ ለብዙ ፊልም። ልዩነቱ መጭመቁ ላይ፣ ማለትም ፊልሙ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ መረጃው በሚቀነስበት መጠን ላይ ነው። ብሉ ሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ማፍሰስ ይችላል፣ የ4ኬ ዲስክ በጠቅላላው እስከ 128። በኢንተርኔት የሚመጣው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ለዘመናዊ ንጹሕ ምስል ችግር የለውም። ቅንጣት ላለው አሮጌ ፊልም ግን ከባድ ነው፤ በየምስሉ የሚቀያየር ነገር ለመጭመቅ አይመችምና ቅንጣቱ ተጨማድዶ የተንቀጠቀጡ አራት ማዕዘኖች ይሆናል። የኢንተርኔት መድረኩ የማሳየት መብት ሲያልቅም ፊልሙ ከመድረኩ ላይ ይነሳል።

ለንደን የተገዛ ዲስክ አዲስ አበባ ይሠራል? ዋሽንግተንስ?

ብሉ ሬይ ዓለምን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ በሦስት ክልል ከፍሏል። አብዛኛው አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ በአንድ ላይ ቢ ናቸው። ስለዚህ ለንደን የተገዛ ብሉ ሬይ አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ቴል አቪቭም በተገዛ ማጫወቻ ላይ ይሠራል። በዲቪዲ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ እንግሊዝ ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ነበሩ። አሜሪካ ግን ኤ ናት። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ለንደን ሄዶ የሚወደውን ፊልም ገዝቶ ቢመለስ ማጫወቻው ላይቀበለው ይችላል። ከመግዛት በፊት በሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ፊደል ማየት ይበጃል። አንዳንድ ዲስኮች ሦስቱም ፊደል ተጽፎባቸው ይመጣሉ፤ እነዚያ የትም ይሠራሉ። የ4ኬ ዲስክ ክልል የለውም፤ ነገር ግን በአንድ ሳጥን አብሮ የሚታሸገው ብሉ ሬይ ሊኖረው ይችላል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ክልሉ ቢገጥምም እንኳ በእንግሊዝ ዲስክ ላይ ከፊልሙ ጋር የሚመጡት ቃለ ምልልሶችና ዘጋቢ ፊልሞች ብዙዎቹ ለቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ምስል የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ይህን አያሳዩም፤ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም «ያልተደገፈ» ይላል። ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ መመለስ አያስፈልግም። ፊልሙ ራሱ 24 ስለሆነ ይሠራል።